በእጅ የጠበቀ

ውድ ልጄ፣

ጤናህን በየእሑዱ ከእናትህ ስልክ ስለምሰማ «እንደምን ሰነበትክ» እያልኩ ወረቀት አልፈጅም። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ እንደ ድሮው ነው፤ ደረጃ ስወጣ ያጉረመርማል፣ ስወርድ ይሳደባል። ደብዳቤ መጻፌ ይገርምህ ይሆናል። በስልክ ልነግርህ ሦስት ጊዜ ሞክሬ፣ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ዝናብና ስለ ፀሐይ አውርተን ዘጋነው። ወረቀት ላይ ግን ማንም አያቋርጠኝም።

ነገሩን የቀሰቀሰው ለእህትህ የላክኸው መልእክት ነው። «ያን ኮምፒውተር ውሰጂው። የሞተው ግራፊክስ ካርዱ ብቻ ነው። አባዬ ርካሽ ነገር ፈልጎ ይግዛልሽ። እኔ ስለሱ መስማት አልፈልግም» ብለሃታል። ልጅቷ መልእክቱን እያነበበች ቤቱን በዝላይ ስታናጋው እኔ ለሥራ ልወጣ ጫማዬን እያሰርኩ ነበር። ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ።

ኮምፒውተሩ በተውክበት ቦታ፣ ከጠረጴዛህ ሥር፣ አሮጌ አንሶላ እንደ ለበሰ ተቀምጧል። እናትህ ሁለት ዓመት ሙሉ ዙሪያውን ስትጠርግ አንድ ቀን ነክታው አታውቅም። አንሶላውን ስገልጠው ማሽኑን የሚያቀዘቅዝ ውሃ የሚዞርባቸው ቱቦዎች ደርቀዋል፣ ፓምፑ አቧራ ጠጥቷል፣ ምስሉን ስክሪን ላይ የሚያወጣው የሞተው ካርድ ቦታ እንደ ተነቀለ ጥርስ ክፍት ነው። ከጎኑ ያለውን ካርቶን ከፈትኩት። ያ ካርዱ ላይ የሚታሰረው፣ ውሃ በሆዱ የሚያልፍ የመዳብ ሰሌዳ፣ እናንተ ብሎክ የምትሉት፣ ብሎኖቹ በላስቲክ ታስረው አብረውት አሉ። ብሎኩ ሁለት አፍ አለው፤ አንዱ ውሃ ያስገባል፣ አንዱ ያስወጣል። ቱቦውን ከአፉ ጋር የምታያይዘው ማገናኛ ግን አንዲት ብቻ ነበረች። ካርቶኑን ገለበጥኩት፣ አልጋህ ሥር በባትሪ ፈለግሁ፣ ሁለተኛዋ የለችም። ጠፍታ ነው ብዬ ተውኩት።

ከዚያ ገበያ ወጣሁ። የመጀመሪያው ሱቅ መስታወት በመስታወት ነው፤ መብራቱ ሰባት ቀለም ይቀያይራል። ሻጩ ሦስት ማራገቢያ የተገጠመለት፣ ክንዴን የሚያህል ነገር አወጣልኝ።

«ጋሼ፣ ይሄ አውሬ ነው» አለኝ።

«አውሬ ቤቴ አላስገባም» አልኩት። «ለአሥራ አራት ዓመት ልጅ የሚሆን ለማዳ የለህም?»

ሳቀና ዋጋውን ነገረኝ። በዚያ ዋጋ የአንድ ፎቅ ቧንቧ እዘረጋለሁ። ሌላ አሳየኝ፣ ሌላ፣ ሌላ። እኔም እንደ ልማዴ ካርዱን ትቼ ስለ ውሃው ጠየቅሁት፤ ምን ያህል እንደሚግል፣ ራዲያተሩ ይችለው እንደሆነ። ግራ ገብቶት አየኝ። በመጨረሻ ካሳየኝ ሁሉ ርካሹን ገዛሁ። ስሙና ቁጥሩ ከሞተው ካርድህ ጋር አንድ ነው፤ ደብተር ላይ ጽፌ ስለወሰድኩ አልተሳሳትኩም።

ቤት ወስጄ ብሎኩን ላስቀምጥበት ስል ቀዳዳዎቹ አልገናኝ አሉ። አንዱ ሲገጥም ሌላው ይሸሻል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት እኔ ነኝ። አርባ ዓመት ሙሉ «ባለ ግማሽ ኢንች ቧንቧ ሁሉ ጥርሱ አንድ አይደለም» እያልኩ ተለማማጅ ስቆጣ የኖርኩ ሰው ስም አይቼ ገዛሁ። በማግስቱ መለስኩት። ሻጩ ጨዋ ነው፣ ገንዘቤን ሰጠኝ።

«ጋሼ፣ ስሙ አንድ ቢሆንም የሚሠራው ፋብሪካ ይለያያል፤ ሰሌዳውም ይለያያል» አለኝ። «የእርስዎ ብሎክ የሚሆነው ለድሮው ዓይነት ብቻ ነው። እሱን የሚያገኝልዎት አንድ ሰው ነው ያለው፤ እዚሁ ሕንፃ፣ ምድር ቤት። ሽቦ ይሉታል።»

ስሙን ሳነሳብህ ፊትህ እንዴት እንደሚጠቁር ከዚህ ሆኜ ይታየኛል። ወረቀቱን አትቅደደው። እስከ መጨረሻው አንብብልኝ።

ሽቦን እኔ አላስተዋውቅህም። ዘጠኝ ዓመት ከሆናችሁ ጀምሮ ጫማውን ከጫማህ አጠገብ ያወልቅ የነበረ ልጅ ነው። እናትህ ለሁለታችሁም አንድ ሳህን ታቀርብ ነበር። ቀጭንነቱን አይታ «ይሄ ልጅ ምግቡን የት ነው የሚያስቀምጠው?» ትል ነበር።

አሁን ነገርን ነገር ያነሳዋልና ወደ ኋላ ልመልስህ። ትዝ ይልሃል፣ ኮምፒውተሩን መገጣጠም ስትጀምሩ አንድ እሑድ ወደ እኔ መጥተህ «አባዬ፣ ይሄን ቱቦ ሳይሰበር እንዴት ነው የማጥፈው?» ያልከኝ? አንተ በትምህርት ቤት ፎርም ላይ «የአባት ሥራ» በሚለው ቦታ «መሐንዲስ» ብለህ የጻፍክ ልጅ ነህ። አይቼዋለሁ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት። ያን እሑድ ግን ቱቦው ውስጥ የጎማ ገመድ ከትተን፣ በሙቅ አየር እያለሰለስን፣ ስናጥፍ ዋልን። ሦስቱን አበላሸን፣ አራተኛው እንደ ክንድ ክርን አምሮ ወጣ። «አባዬ፣ አንተኮ አንደኛ ነህ» አልከኝ። ለአንድ ወር ያህል በዚያ ቃል ኖርኩ።

ቀጥሎ ማገናኛዎቹ መጡ። ቴፍሎኔን፣ ያን ማፍሰሻ የሚደፍን ነጭ ጥቅልል፣ ከቦርሳዬ አውጥቼ ጥርሳቸው ላይ ልጠመጥም ስል ሽቦ በትሕትና እጄን ያዘ።

«ጋሼ፣ ይሄ ቴፍሎን አይፈልግም። የጎማ ቀለበት አለው። በእጅ ብቻ ነው የሚጠብቀው።»

«በእጅ የጠበቀ ነገር በእጅ ይፈታል» አልኩት።

ሁለታችሁም ሳቃችሁ። ዛሬ ሳስበው ክፋት አልነበረበትም። ያኔ ግን አጥንቴ ድረስ ገባ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ውሃው የምትጠይቀው እሱን ሆነ። ልጄ፣ ሌላው ሁሉ የእናንተ ነበር፤ ጌሙ፣ መብራቱ፣ እኔ የማልሰማው ቋንቋችሁ። ውሃው ግን የኔ ነበር። የሃያ ሦስት ዓመት ልጄ ልብ ተወሰደብኝ ብሎ የቀና አባት ሰምተህ ታውቃለህ? እኔ ነበርኩ።

የጌም ውድድሩ ቅዳሜ ነበር። ስምንት ወር ያህል ሁለታችሁ አንድ ቡድን ሆናችሁ የተለማመዳችሁበት። ሐሙስ ዕለት ማሽኑን ለሙከራ ከፍታችሁ፣ ከማገናኛዎቹ ሥር ሶፍት አንጥፋችሁ፣ የቡድኑን ቲሸርት ልታሳትሙ ወጣችሁ። እኔ ለምሳ ቤት ገባሁ። ሶፍቱን በጣቴ ነካሁት፣ ደረቅ ነው። ልብ ያለው ሰው ቢሆን ምሳውን በልቶ ይሄዳል። እኔ ትንሿን መፍቻዬን አወጣሁ፤ ያቺን ሦስተኛ ጥርሷ የተሰበረባትን፣ ልጅ ሳለህ «ጥርሷ ወልቋል፣ ለስላሳ ነገር እናብላት» እያልክ ዳቦ ያጎረስካትን። ከካርዱ ኋላ ጥግ ያለችውን ማገናኛ ይዤ ሩብ ዙር አዞርኩ። ጢር አለች። እኔ እስካለሁ ድረስ አንዲት ጠብታ አልወጣችም። እጄን ታጥቤ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ለራሴ «ለማንኛውም ብዬ ነው» አልኩት። ውሸት ነው። የኔም እጅ እንዲኖርበት ፈልጌ ነው።

ከመጠን በላይ የጠበቀ የጎማ ቀለበት ይቆረጣል፤ ውሃም ያሳልፋል። ይህን ለማወቅ ሽቦ አያስፈልገኝም፤ የሥራዬ ሀ ሁ ነው። ማታ ስመለስ የተቃጠለ ነገር ሽታ ከበሩ ተቀበለኝ። አንተ ቆመህ ትጮኻለህ፣ እሱ ተንበርክኮ በፎጣ ውሃ ያደርቃል፣ እናትህ ቲሸርቶቹን አቅፋ ግድግዳ ተደግፋለች።

«የመጨረሻውን ያጠበቅከው አንተ ነህ!» አልከው።

እሱ ማገናኛዋን ፈታ፣ አገላብጦ አያት፣ ከዚያ ቀና ብሎ በሩ ላይ የቆምኩትን እኔን አየ። ያኔ አማልደኝ የሚለኝ መሰለኝ። ጣቶቹን በማገናኛዋ ላይ ጨበጠ።

«እኔ ነኝ ማለት ነዋ» አለ።

«ሆን ብለህ ነው» አልከው። «ሌላ ቡድን ጠርቶታል ሲሉኝ አላመንኩም ነበር። በቤታችን ፍርፋሪ አድገህ!»

ከዚያም ወደ እኔ ዞርክ። ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ውሃ የጠየቅከኝ ያን ዕለት ነው። «አባዬ፣ አንተ ታውቃለህ። እንዲህ የሚያፈሰው ምን ሲሆን ነው?» አልከኝ።

እኔም «ያልጠበቀ ሲሆን ነው» አልኩህ።

ከውሸቱ ይልቅ የሚያሳፍረኝ ሌላ ነው። ያን ጊዜ ስለጠየቅከኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ሽቦ ፎጣውን አጥፎ ወንበር ላይ አስቀመጠ፣ እናትህን ጨብጦ ወጣ። ቅዳሜ አልተወዳደራችሁም። በሁለተኛው ወር አንተም ሻንጣህን ይዘህ ሄድክ።

እንግዲህ ወደ ምድር ቤቱ ወረድኩልህ። ጠባብ ሱቅ ነው፤ ግድግዳው ሁሉ በኬብል ተሞልቷል፣ ጠረጴዛው ላይ ሆዱ የተከፈተ ማሽን አለ። እሱ መነጽር አድርጓል። ቅጥነቱ እንዳለ ነው። ሲያየኝ ከመቀመጫው ተነሳ።

«ጋሼ! ይግቡ። ይቀመጡ እንጂ።»

ያለውን አንድ ወንበር ለእኔ ሰጥቶ ቆመ። የእናትህን ጤና ጠየቀ፣ የእህትህን ክፍል ጠየቀ። አንተን አልጠየቀም። እኔም ጉዳዬን ነገርኩት።

«ምን ትሠራበታለች?» አለኝ።

«ትስላለች። ትንሽ ትንሽም ትጫወታለች።»

«እንግዲያው አዲስ ምን ያደርግላታል? ውድ ካርድ ገዝተው ግማሽ ጉልበቱ ተኝቶ ይውላል። ድሮ የነበረው ዓይነት ይበቃታል። አንድ ያገለገለ አለኝ፤ እኔው ራሴ የሠራሁበት ነው፣ ጠባዩን አውቀዋለሁ። ብሎኩም ልክ ይገጥመዋል።»

አውጥቶ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ በጣቱ አሳየኝ። ሰክቶ አሠርቶ አሳየኝ። የጠራልኝ ዋጋ ፎቅ ላይ ያለው ልጅ ከጠራልኝ ሲሶውን አይሞላም። ልከራከር አፌን ከፍቼ አፈርኩ።

«አንዲት ማገናኛም ትጨምርልኛለህ» አልኩት። «ከብሎኩ አንደኛዋ ጠፍታለች።»

ጎንበስ ብሎ ከታች ያለውን መሳቢያ ሳበ፣ የብሎን ጣሳዎቹን ገፋ ገፋ አድርጎ በሶፍት የተጠቀለለ ነገር አወጣ። መስታወቱ ላይ አስቀምጦ ፈታው። ማገናኛዋ ናት። ቀለበቷ ተቆርጦ እንደ ክር ተንጠልጥሏል። ነሐሱ ላይ ሁለት ጥርስ፣ ክፍት ቦታ፣ ከዚያ ሦስት ጥርስ ታትሟል።

መፍቻዬ ቦርሳዬ ውስጥ ናት። አውጥቼ ላስተያየው አልፈለግሁም።

«መቼ አወቅክ?» አልኩት።

«ያን ዕለት፣ ስፈታት።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«ምን ብዬ? ‹አባትህ ነው› ልበለው? እርስዎ በሩ ላይ ቆመዋል። ይናገራሉ ብዬ ጠበቅሁ።» መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠረገ። «ከዚያ እሱ ሲጠይቅዎ ‹ያልጠበቀ ሲሆን ነው› አሉ። ከዛ በኋላ ምን ይባላል ጋሼ?»

ድምፁን ከፍ አላደረገም። ቢጮህብኝ በወደድኩ ነበር። ሌላው ቡድን ጠርቶት እንደነበረም ጠየቅሁት፤ ምናልባት አንዲት ጥፋት ባገኝበት ብዬ ነው መሰለኝ።

«ጠርተውኛል» አለኝ። «ሐሙስ ጠዋት እምቢ ብያቸዋለሁ። ቅዳሜ፣ ካሸነፍን በኋላ ልነግረው ነበር።»

ይቅርታ ጠየቅሁት። በዕድሜዬ ከልጆች ይቅርታ ጠይቄ አላውቅም፤ ቃሉ አፌ ውስጥ እንደ ጠጠር ተንከባለለ። እሱም አንገቱን ነቀነቀ።

«እኔኮ እውነቱን ሳውቀው ነው የኖርኩት። ለእኔ ምን ያደርግልኛል? የማያውቀው እሱ ነው።»

«እሺ፣ ካርዱን ቤት መጥተህ ግጠምልን። እናትየውም ታይሃለች» አልኩት።

«እሱ ሳይጠራኝ ያን ደጅ አልረግጥም» አለኝ። «ፍርፋሪ የሚለው ቃል ደጁ ላይ ነው ያለው፤ እንዴት አድርጌ ልሻገረው?»

አዲስ ማገናኛ ጨመረልኝ፤ አሮጌዋንም በሶፍቷ ጠቅልሎ ሰጠኝ። በደረሰኙ ጀርባ አገጣጠሙን በተራ ጻፈልኝ። የመጨረሻው መስመር «በእጅ ብቻ» ይላል፤ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምሮበታል።

ልጄ፣ ጥፋቱ ሁሉ የኔ ነው ብዬ አንተን ነጻ አላወጣህም። ቀለበቱን የቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ ፍርፋሪ ያልከው ግን አንተ ነህ። ያን ቃል ማንም አፍህ ውስጥ አልከተተልህም። አሥራ አራት ዓመት አብሮህ የኖረን ሰው አንዲት ጠብታ ውሃ አይተህ ከፈረድክበት፣ ማገናኛዋ በእውነት ላልታም ቢሆን ያው ነበርክ። ይህን የምልህ ልጄ ስለሆንክ ነው። ከእኔ የወረስከው መልክ ብቻ እንዳልሆነም ስለማውቅ ነው። ሁለት ዓመት ዝም ያልኩት አንተን ላለማስከፋት አይደለም። አንተ እንዳትንቀኝ ነው። ሰው እንዳይናቅ ብሎ ይህን ያህል ይዋረዳል።

ለእናትህ ትናንት ነገርኳት። ድስቱን ከእሳት አወረደች፣ እጇን በሽርጧ ጠረገች፣ «ጻፍለት» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ለእኔ ሌላ ቃል አልወጣትም። ምግብ ግን ታቀርብልኛለች።

ካርዱን ዛሬ ከሰዓት በኋላ ከእህትህ ጋር ገጠምነው። ደረሰኙን እሷ ታነባለች፣ እኔ እሠራለሁ። ማገናኛዎቹ ላይ ስንደርስ «አባዬ፣ መፍቻህን ላምጣልህ?» አለችኝ። አይሆንም አልኳት። በሁለት ጣቴ አጥብቄ ተውኩት። እጄ እንዴት እንደበላኝ እኔ ነኝ የማውቀው። ውሃውን ሞልተን፣ ሶፍት አንጥፈን፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ወለሉ ላይ ቁጭ አልን። ሶፍቱ ደረቅ ነው። እህትህ ስክሪኑ ሲበራ ጮኸች፤ አሁን ይህን ስጽፍ ከግድግዳው ወዲያ የሆነ ነገር ትስልበታለች። በእጅ የጠበቀው ይዟል።

ይቅር በለኝ አልልህም። ይቅርታውን ባሻህ ጊዜ ስጠኝ፣ ባሻህ ጊዜ ከልክለኝ፤ መብትህ ነው። የምለምንህ አንድ ነገር ነው፤ ደውልለት። ቁጥሩ ደረሰኙ ላይ ስላለ ደረሰኙን አብሬ ልኬልሃለሁ። «አባቴ ነው» ብለህ ጀምር። ሌላውን እሱ ያውቀዋል።

ማገናኛዋ ፖስታው ውስጥ ናት። ዓይንህን ጨፍነህ በጣትህ ዳስሳት። ማን እንደነካት ያኔ ታውቃለህ። አይተሃት ስትጨርስ ግን ለእኔ አትመልሳት፣ እንዳትጥላትም። ለሽቦ ውሰድለት፤ ሁለት ዓመት ያስቀመጣት እሱ ነው።

አባትህ፣
ቧንቧ ሠራተኛው